312 ሺህ የሄደ ሞተር ስንት ይቀረዋል?

ከፍኖተ ሰላም የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ይላል። «ጋሼ፣ እህል አመላልሼ ነው የምኖረው። አጎቴ ሊሸጥልኝ ያሰበው ሃይሉክስ ፒካፕ አለ። ሲንግል ጋቢና ነው፣ በፈረንጆች 1996 ስሪት፣ 3ኤል የሚባለው የናፍጣ ሞተር ያለው። ቆጣሪው 312 ሺህ ኪሎ ሜትር ይላል። አጎቴ ‹ሞተሩ ተከፍቶ አያውቅም፣ ገና ልጅ ነው› ይለኛል። ጓደኞቼ ደግሞ ‹ሬሳ ልትገዛ ነው› እያሉ ይስቁብኛል። እንዲህ ያለ ሞተር በደንብ ከተያዘ ስንት ይሄዳል?»

የጠየቅኸኝ ቁጥር ስለሆነ ቁጥሩን ላስቀድም። 3ኤል በደንብ ከተያዘ ሳይከፈት 400 ሺህ፣ 500 ሺህ ኪሎ ሜትር መሄድ የሚችል ሞተር ነው። በዚያው ልክ 180 ሺህ ላይ ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ የላይኛው ክዳን) ተሰንጥቆ ደብረ ማርቆስ ጋራዣችን ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ 3ኤልም አይቻለሁ። ሁለቱም የአንድ ፋብሪካ ልጆች ናቸው። ካያያዝ ይቀደዳል፣ ካነጋገር ይፈረዳል የሚባለው ለመኪናም ይሠራል። 312 ሺህ የሚለው ቁጥር ብቻውን ምንም አይነግርህም። ሞተርን የሚገድለው ሙቀት፣ አቧራና የቆሸሸ ዘይት ነው። በእኛ አገር ደግሞ በዚሁ ቅደም ተከተል።

መጀመሪያ ቆጣሪውን እንመልከት። መኪናው ሠላሳ ዓመት ገደማ ሆኖታል። 312 ሺህን ለሠላሳ ብታካፍለው በዓመት 10 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለሥራ ፒካፕ ይህ በጣም ትንሽ ነው። አጎትህ ዋሽተዋል እያልኩ አይደለም። የዚያ ዘመን ሃይሉክስ ቆጣሪ በገመድ ነው የሚሠራው። ገመዱ ይበጠስና «እስኪ ሲመቸን እናስቀይረዋለን» እየተባለ ሁለት ሦስት ዓመት ይከርማል። መኪናው ይሄዳል፣ ቁጥሩ ቆሟል። ስለዚህ «ቆጣሪው ተበላሽቶ ያውቃል?» ብለህ ጠይቅ። መልሱ የሚያሳፍር ስላልሆነ አጎትህም አይቀየሙህም። ደግሞ የፍሬን ፔዳሉን ጎማና የመሪውን ጠርዝ እይ። ፔዳሉ እስከ ብረቱ ከተበላ መኪናው ቆጣሪው ከሚለው በላይ ሠርቷል።

ሌላም ነገር አለ። ሞተር የሚያውቀው ሰዓት ነው፣ ኪሎ ሜትር አያውቅም። አስፋልት ላይ በሰዓት 60 እየሄደ 300 ሺህ የሞላ መኪና 5 ሺህ ሰዓት ሠርቷል። ያንኑ 300 ሺህ በፒስታ መንገድ፣ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ፣ በሰዓት 25 እየተንፏቀቀ የሞላው ደግሞ 12 ሺህ ሰዓት ሠርቷል። በቆጣሪ እኩያ ናቸው፣ በዕድሜ ግን አባትና ልጅ። አጎትህ መኪናቸውን የሚያመላልሱት በዋናው አስፋልት ቡሬና ደብረ ማርቆስ ነበር ወይስ ወደ ገጠር ቀበሌዎች? ከቆጣሪው ይልቅ ይህ ብዙ ይነግርሃል።

ሞተሩ ራሱ መጥፎ አይደለም። 2,779 ሲሲ ነው፣ ቱርቦ የለውም፣ ኮምፒውተር የለውም፣ ናፍጣውን የሚገፋው ፖምፓም ሜካኒካል ነው። ታላቅ ወንድሙ 2ኤል 2,446 ሲሲ ነው። የደብረ ማርቆስ ከፍታም 2,446 ሜትር ተብሎ ነው የሚጻፈው። ለተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው ይስቃሉ፣ ግን ሁለቱንም አይረሱም። ከፍታው ደግሞ ለቀልድ ብቻ አይደለም፣ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ሙቀቱ። የራሴን ጥፋት ልንገርህ። ገና ለማጅ ሳለሁ ከአለቃዬ ጋር የአንድ ቶን ፒካፕ ላይ 15 ኩንታል ሲሚንቶ ጭነን ከአባይ ድልድይ ወደ ደጀን ስንወጣ ነበር። የምነዳው እኔ ነበርኩ። የሙቀት ጌጁ ከግማሽ አለፈ። «ደጀን ደርሰን እናሳርፈዋለን» ብዬ ቀጠልኩ። ጥቂት ቆይቶ ጌጁ ወረደ። ደስ አለኝ። አለቃዬ ተኝቶ ነበር። አንድ መታጠፊያ ላይ መኪናው አቅም አጣና ቆመ። ኮፈኑን ስከፍተው እንፋሎቱ ፊቴን ሊገሸልጠኝ ነበር። ጀሪካን ሙሉ ቀዝቃዛ ውሃ ይዘን ስለነበር ራዲያተሩ ውስጥ ለቀቅኩት። «ጣ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቀጭን ድምፅ ነው፣ ብርጭቆ ሲሰነጠቅ እንደሚሰማው። ቴስታታው በሁለቱ ቫልቮች መሀል ተሰንጥቆ ነበር። አለቃዬ አልጮኸብኝም። «ጌጁ ለምን እንደወረደ ታውቃለህ?» ብቻ አለኝ።

አላውቅም ነበር። ጌጁን የሚያዘው ሴንሰር የሚለካው የነካውን ውሃ ነው። ውሃው ፈልቶ ሲያልቅ ሴንሰሩ ደረቅ አየር ላይ ይቀራልና ጌጁ ይወርዳል። ሞተሩ በተቃጠለበት ሰዓት ጌጁ «ደህና ነኝ» ይልሃል። ስለዚህ ዳገት ላይ ከፍ ብሎ በድንገት የወረደ ጌጅ ካየህ ወዲያው ቁም። ካቆምክ በኋላም ክዳኑን አትንካ። ግማሽ ሰዓት ጠብቅ። ከዚያ ሞተሩን አስነሥተህ፣ ሞቅ ያለ ውሃ ካለህ እሱን፣ ከሌለህም ያለህን ቀስ እያልክ በጥቂት በጥቂቱ ጨምር።

ከፍታው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ደብረ ማርቆስ ላይ በ92 ገደማ ይፈላል። እናቶቻችን ባቄላው አልበስል የሚላቸው ለዚህ ነው። ሞተር ደግሞ ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ባለው ውስጥ መሥራት ይወዳል። እንግዲህ እኛ ዘንድ ውሃውን ከመፍላት የሚያድነው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ የራዲያተሩ ክዳን፣ እኛ ታፖ የምንለው። የዚህ ሞተር ታፖ 0.9 ባር ገደማ ግፊት ይይዛል። ያ ግፊት የመፍያውን ነጥብ ከ92 ወደ 114 ዲግሪ አካባቢ ያሳድገዋል። የታፖው ላስቲክ ከደረቀ ወይም ስፕሪንጉ ከላላ ግን በ92 ላይ ቀረህ። አዲስ አበባ የሚሠራ መካኒክም ይህን ሊረሳው ይችላል። ከእኛ ዝቅ ብላ ያለችው አዳማ የሚሠራ ደግሞ ጭራሽ አያስበውም። እኔ ጋ «መኪናዬ ያፈላል፣ ራዲያተር ቀይርልኝ» ብሎ የመጣ ሰው ታፖ ቀይሮ የተመለሰበት ጊዜ ቀላል አይደለም።

ሌላው የወንዝ ውሃ ነው። ካገኙበት ምንጭ እየቀዱ መጨመር ልማድ ሆኗል። የውሃው ማዕድን ራዲያተሩ ውስጥ እንደ ጀበና ቅርፊት ይጋገራል፣ ብረቱም ይዝጋል። ኩላንት ጨምር፣ በሁለት ዓመት አንዴ ቀይረው። ኩላንት ለብርድ አገር ነው የሚሉህን አትስማ። ትልቁ ሥራው ዝገት መከላከል ነው።

አቧራ ቀስ ብሎ ይገድላል። ጫጫታ የለውም። የመኸር ወቅት ገጠር ገብተህ ጤፍ ስትጭን የሚነሣው አቧራ ምን እንደሚመስል ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ። ያ አቧራ በአየር ፊልትሮው አልፎ ሲሊንደር ከገባ ከዘይት ጋር ተለውሶ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሆናል። ፋሻውን (የፒስተኑን ቀለበቶች) ይበላል፣ የሲሊንደሩን ግድግዳ ይሞርዳል። ብዙ ሰው ፊልትሮውን ያራግፋል፣ ከፊልትሮው እስከ ሞተሩ ያለውን ላስቲክ ቱቦ ግን አያይም። የዚያ ቱቦ ላስቲክ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ይደርቅና እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ከታች በኩል ስለሚሆን ከላይ አይታይም። አዲስ ፊልትሮ ብትገዛም አየሩ በስንጥቁ ነው የሚገባው።

አንድ ፈተና ላሳይህ። ቱቦውን ፍታና ጣትህን ወደ ሞተሩ በሚሄደው በኩል አስገባ። ውስጡን በጣትህ ጥረገው። ከሞተሩ ትንፋሽ የመጣ ትንሽ ጥቁር ቅባት ካገኘህ የተለመደ ነው። ጣትህን አውራ ጣትህ ላይ ስታሸው ግን ቡናማ ሆኖ ከቆረቆረህ አፈር ነው። እዚያ ጋ አፈር ካለ ሲሊንደሩም ውስጥ አለ። ይህን ፈተና የአጎትህ መኪና ላይ አድርግ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም፣ ገንዘብ አይጠይቅም። ብዙ ሻጮችም ይህን ማጽዳት ትዝ አይላቸውም። ሞተሩን ከላይ በሳሙና አጥበው ያብረቀርቁልሃል፣ የቱቦውን ውስጥ ግን ይረሱታል።

ፊልትሮውን በኮምፕረሰር ስታስነፋ ከውስጥ ወደ ውጭ ይሁን። ከዚያ ውስጡ የስልክህን መብራት አስገብተህ በጨለማ እየው። የሚያበራ ነጥብ ካየህ ቀዳዳ ነውና ጣለው።

ዘይት ላይ ብዙ አልልም፣ ሁሉም ያውቀዋል፣ የሚያደርገው ግን ጥቂት ነው። በየ5 ሺህ ኪሎ ሜትር ከነፊልትሮው ቀይር። ገጠር የምትውል ከሆነ በየ4 ሺህ። ቆጣሪው ካልሠራ በየሁለት ወሩ። አሮጌ ናፍጣ ሞተር ጥላሸት ያመርታል፣ ጥላሸቱን የሚሸከመው ዘይቱ ነው። እኛ ከፍታ ላይ ደግሞ አየሩ በሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ ናፍጣው ሙሉ በሙሉ አይቃጠልም፣ ጥላሸቱ ይብሳል። ለጠዋት ብርድ 15/40 ይሻላል። ብቻውን 40 ቁጥር የሚባለው ዘይት ወፍራም ነው፣ ጠዋት ቶሎ ወደ ላይ አይወጣም፣ የሞተር ትልቁ ጉዳት ደግሞ በነዚያ የመጀመሪያ ሰከንዶች ነው። ከማታምነው ሱቅ ዘይት አትግዛ። ጣሳው ዋናው፣ ውስጡ ሌላ የሆነ ብዙ አለ። እኔ ባዶ ጣሳ ስጥል በቢላ እበሳዋለሁ፣ ተመልሶ እንዳይሞላ።

ቺንጋው! ይህን ካልጻፍኩልህ ሁሉም ከንቱ ነው። የ3ኤል ታይሚንግ፣ ማለትም ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር በጊዜ የሚያስማማው፣ በላስቲክ ቺንጋ (ቀበቶ) ነው። በየ100 ሺህ ኪሎ ሜትር ይቀየራል። አንዳንዱ ሃይሉክስ ዳሽቦርዱ ላይ ጊዜው ሲደርስ የሚበራ መብራት አለው። ብዙ ጊዜ ግን አምፖሉ ወልቆ ወይም በጥቁር ፕላስተር ተሸፍኖ ነው የማገኘው። ቺንጋው ከተበጠሰ ቫልቮቹ ከፒስተኑ ጋር ይጋጫሉ። ከዚያ በኋላ ስለ ዕድሜ አናወራም። 312 ሺህ እውነት ከሆነ ይህ መኪና ሦስት ጊዜ ቺንጋ መቀየር ነበረበት። አጎትህ መቼ እንደቀየሩት እርግጠኛ ካልሆኑ አልተቀየረም ብለህ ቁጠር። መኪናውን በገዛህ በመጀመሪያው ሳምንት ቺንጋውን ከመወጠሪያውና ከዘይት ማኅተሞቹ ጋር አንድ ላይ ቀይር። የሚያንጠባጥብ ዘይት አዲሱን ቺንጋ በወራት ያበላሸዋል። የኒሳን ቲዲ27 ሞተር ታይሚንጉ በብረት ጥርስ ስለሆነ ከዚህ ጣጣ ነፃ ነው። ላንድክሩዘር 1ኤችዜድ ግን እንደ 3ኤል ባለ ቺንጋ ነው።

ስለ ናፍጣውም አንድ ቃል። የዚህ ሞተር ፖምፓ የሚቀባው በሚያልፍበት ናፍጣ ራሱ ነው፣ ሌላ ዘይት የለውም። ነዳጅ ሲጠፋ መንገድ ዳር በጀሪካን የሚሸጠው ላምባ የተቀላቀለበት ከሆነ ፖምፓውን ያደርቀዋል። ውሃ ካለበት ደግሞ ያዝገዋል። ተቸግረህ ከገዛህ በነጭ ጠርሙስ ቀድተህ አሳድረው። ከሥር ውሃ ከተኛ መልሰው። የናፍጣ ፊልትሮው ሥር ያለችውን የውሃ ማፍሰሻ ቡሎን በሳምንት አንዴ ፍታት። ያም ሆኖ የድሮው ፖምፓ በኮምፒውተር ከሚታዘዙት አዲሶቹ ኮመን ሬል ሞተሮች ይልቅ ቻይ ነው። ኋላ የመጣው ሃይሉክስ ቪጎ ላይ ይህን ብታደርግ ኢንጀክተሮቹ ወዲያው ያስለቅሱህ ነበር።

አሁን «ተከፍቶ አያውቅም» ወደሚለው። ይህ ሁልጊዜ ምስጋና አይደለም። መከፈት ሲገባው ሳይከፈት የከረመ ሞተር አለ። ደግሞ እውነትነቱን ማየት ትችላለህ። የቴስታታውን ጓርኒሲዮን (ከሥሩ ያለውን ማሸጊያ) ዳርና የካርተሩን (የታችኛውን የዘይት ገንዳ) ጠርዝ እይ። ቀይ ወይም ሰማያዊ ሲሊኮን ተርፎ ከወጣ የጋራዥ እጅ ነክቶታል። የቡሎኖቹ ጥግ ተልጦ ካበራም እንደዚያው። ተከፍቶ በደንብ የተሠራ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ግን አጎትህ አያውቁትም ማለት ነው። ቀዳሚ ባለቤት ነበረው? ሊብሬው ላይ ታየዋለህ።

ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሲሊንደሮቹ አየሩን የሚጨምቁበትን ግፊት፣ አስለካ። ይህን የምለው አንድ ትልቅ ስህተት ስላለ ነው። ለዚህ ሞተር የፋብሪካው መጽሐፍ አዲሱ በካሬ ሴንቲ ሜትር 32 ኪሎ ይለካል፣ ከ20 በታች ከወረደ ይታደስ፣ በሲሊንደሮች መካከል ያለው ልዩነትም ከ5 አይብለጥ ይላል። ይህ ግን ባሕር ጠለል ላይ ነው። ሞተር የሚጨምቀው ያገኘውን አየር ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ አየሩ ሦስት አራተኛ ስለሆነ አዲስ ሞተር ራሱ 24 አካባቢ ነው የሚያሳየው። «እዚህ ይታደስ» የሚባለውም ወደ 15 ይወርዳል። 19 ተለክቶ «ሞቷል፣ ይውረድ» ተብሎ ያለ አግባብ የታደሰ ሞተር አውቃለሁ። ባለቤቱ በሬ ሸጦ ነው ያሳደሰው። ስለዚህ ከቁጥሩ መጠን ይልቅ አራቱ ሲሊንደሮች መቀራረባቸውን ተመልከት። 20፣ 20፣ 19፣ 20 ከሆነ ይህ ሞተር እዚህ ከፍታ ላይ ጤነኛ ነው። 22፣ 21፣ 13፣ 22 ከሆነ ሦስተኛው ሲሊንደር ችግር አለበት።

መለኪያ ከሌለህ የዘይት መሙያውን ክዳን ፍታና ሞተሩ በቀስታ እየሠራ ክዳኑን ገልብጠህ ቀዳዳው ላይ አስቀምጠው። ትንሽ ከተንቀጠቀጠ ደህና ነው። እየዘለለ ከወደቀ ትንፋሹ በዝቷል፣ ፋሻው አልቋል ማለት ነው። ጭሱንም እይ። ጠዋት ለአንድ ደቂቃ ነጭ ቢያጨስ አይክፋህ። ዳገት ላይ ሲጫን ትንሽ ጥቁር ቢሆንም የከፍታ ነገር ነው፣ ፖምፓው ትንሽ ቢቀነስ ይሻሻላል። ሞቆም ሰማያዊ ካጨሰ ግን ዘይት ይበላል። ራዲያተሩ ውስጥ የዘይት ዐይን ካየህ፣ ወይም ቀዝቅዞ ከተነሣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ቱቦ እንደ እንጨት ከደደረ፣ ጓርኒሲዮኑ ወይም ቴስታታው ሄዷል። ያን ጊዜ ዋጋው ውስጥ የእድሳቱን ወጪ ቀንሰህ ተነጋገር፣ አለዚያ ተወው።

ስለ እድሳት ብዙ ሰው «አሳድሰህ አዲስ ታደርገዋለህ» ይላል። እኔ አልልም። ብሎኩን የሚቦረቡረው ቶርኖ ቤት ጎበዝ ከሆነና ዕቃው ትክክለኛ ከሆነ የታደሰ 3ኤል ሌላ 200 ሺህ በደህና ይሄዳል። የፋብሪካውን ዕድሜ ግን ሲደግም ብዙ አላየሁም። ብሎኩ ሲቦረቦር ግድግዳው ይሳሳል፣ ፒስተኑ ትልቅ ይሆናል፣ ይህ ደግሞ ማለቂያ አለው። አሮጌ መኪና ግን በእኛ አገር ዋጋው አይወርድም። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን ካስወደደ ወዲህ ጭራሽ ባሰበት። ስለዚህ «ሬሳ» ያሉህ ጓደኞችህ ሬሳውን ለመግዛት ተሰልፈው ልታያቸው ትችላለህ።

የእኔ ግምት፣ ቱቦው ውስጥ አፈር ከሌለ፣ ኮምፕሬሽኑ ከተቀራረበ፣ ራዲያተሩም ንጹሕ ከሆነ፣ ከአንድ ቶን በላይ ሳትጭን ብትሠራበት ይህ ሞተር ሌላ 150 ሺህ ሳይከፈት ይሄድልሃል። በአንተ ሥራ ያ አምስት ስድስት ዓመት ነው። 15 ኩንታል እየጫንክ ዳገት ካስወጣኸው ግን የዚያን ግማሽ አልሰጥህም።

ልታሳየኝ ከፈለግህ ማታውኑ አምጥተህ ግቢው ውስጥ አሳድረው። ጠዋት ሳይነሣ፣ ቀዝቃዛ ሆኖ ነው የማየው። አጎትህ «ላሙቀውና ላምጣው» ካሉህ «አይቸገሩ፣ እኔው እነዳዋለሁ» በላቸው።